ግፍ ያልነካው ልብስ፣ በአቅማችን

ከስድስት ዓመት በፊት ለታናሽ እህቴ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ለማሠራት ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ዋጋ ስጠይቅ ከዋልኩ በኋላ አንዲት ነጋዴ ከሌሎቹ ሁሉ ባነሰ ዋጋ ልታሠራልኝ ተስማማች፤ እኔም ከዚያው ላይ ጥቂት አስቀንሼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ልረከብ በሄድኩበት ቀን ግን የነጠላው ጥለት ገና አላለቀም ነበርና ነጋዴዋ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጠባብ ቤት ይዛኝ ገባች። ሦስት የሽመና ዕቃዎች ጎን ለጎን ተተክለው ነበር። ከመካከላቸው በአንደኛው የተቀመጠው ልጅ ዐሥራ አንድ፣ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን መርገጫ ለመርገጥ ከመቀመጫው ጫፍ ድረስ ወርዶ ነበር፤ በጣቶቹ እየለየ የሚያስገባው አረንጓዴና ወርቃማ ክር የእኔ ጥለት ነበር። ነጋዴዋ ዓይኔን አይታ «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሥራ እየለመደ ነው» አለችኝ። ምንም ሳልናገር ቀሪውን ከፈልኩ። ቀሚሱን ለሠርጉ ለበስኩት፤ ያየኝ ሁሉ አደነቀው።

ያ ልጅ ከፊቴ አልጠፋም። ያስቀነስኩት ገንዘብ ከአየር የመጣ እንዳልሆነ፣ ከአንድ ሰው ድርሻ ላይ የተነሣ መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ልብስ ከመግዛቴ በፊት ሥራው ግፍ ነክቶት እንደሆነ ለማወቅ እጥራለሁ። «ግፍ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ አያቶቻችን የድሃውን ላብ መንጠቅ ግፍ እንደሆነ፣ ግፍም ከቤት እንደማይወጣ ሲናገሩ እየሰማን አድገናልና።

አምሮ መልበስን የማይረባ ነገር አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። እናቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ በቁም ሣጥኗ ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት የሚበልጥ ቀሚስ አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ወደ ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿ ቀና ብለው ይቀመጡ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቿ ዛሬም ያነሡልኛል። ልብሶቿ በልኳ የተሰፉ፣ የታጠቡና የተተኮሱ ነበሩ። የተረተረውን ማታውኑ ትጠግናለች፤ የጎደለ ቁልፍ በአዲስ ተተክቶ ያድራል። የምጽፈው ሁሉ መነሻው የእርሷ አለባበስ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

በልብስ ሥራ ውስጥ ያለው ግፍ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ ዜናውን በሐዘን ሰማን። በዋዜማው ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ሲዘጉ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ መታዘዛቸው ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩ ወደ ደጃችን መጣ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ሸሚዝና ሱሪ ይሰፉ ጀመር። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደነበረና ይህም ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ አስታወቁ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትሰረዝ ሥራቸውን ያጡት እነዚያው ልጆች ናቸው። ይህን የማነሣው ፋብሪካ ይዘጋ ለማለት አይደለም፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያው የገዛ ገንዘባቸው ከዚያ የተገኘ ነው። ነገር ግን አንድ ልብስ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ ንጹሕ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

በእጅ ስለተሠራ ብቻም አልቀበልም፤ ይህን መቀበል ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሀገር ልብሳችንን እንወደዋለን። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሸቀጦች መካከል የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ይገኛል። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምርልሻለሁ» እየተባለ ከወላጆቻቸው የሚወሰዱ ልጆች ከንጋት እስከ ምሽት በሽመና ዕቃ ላይ እንደሚውሉ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ጥፋቱን በጋሞ ሸማኔዎች ላይ የሚያላክክ ሰው ካለ ግን በጣም ይሳሳታል። ከጨንቻና ከዶርዜ ወጥተው በእንጦጦ ሥር የሰፈሩት እነዚህ ባለሙያዎች ለአያት ቅድመ አያቶቻችን ያለበሱ፣ ለምስጋና ፈንታ ንቀት የተከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ልጅን ወደ ሽመና ዕቃ የሚገፋው ከሸማኔው ጭካኔ ይልቅ በሸማኔውና በገዢው መካከል የሚቆመው ደላላ የሚተወው ትርፍ ማነስ፣ ደግሞም እንደ እኔ ያለ ገዢ «ቀንሺልኝ፣ ለእሑድ አድርሺልኝ» ማለቱ ነው። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከሱቅ ጀርባ ወዳለው ቤት ግን ተቆጣጣሪ አይገባም። የሚገባው ገዢ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሸማኔውን ራሱን መፈለግ ጀመርኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። አሁን ልብስ የማሠራቸው ባልና ሚስት ከሽሮ ሜዳ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ በገዛ ቤታቸው ይሠራሉ፤ እርሱ ይሸምናል፣ እርሷ ትፈትላለች፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀሰም ሊያጠነጥኑ ይችላሉ፣ ደብተራቸው ግን ከፊታቸው አይነሣም። መጀመሪያ ቀን ከዚህ በፊት ከሱቅ የገዛሁትን ነጠላ አሳይቼው የተሸጠበትን ዋጋ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ጨርቁን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና «እህቴ፣ ይህን እኔ ሠርቼው ቢሆን ከዚህ እኩሌታው እንኳ እጄ አይገባም ነበር» አለኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ለእርስዎ ምን ልክፈል?» አልኩት። የነገረኝ ዋጋ ከሱቁ ያነሰ፣ እርሱ ከሚያገኘው ግን በጣም የበለጠ ነበር። እኔም ከሱቅ ባነሰ ገዛሁ፣ እርሱም ከልፋቱ የሚገባውን አገኘ። «ርካሽ» እና «ግፍ የሌለበት» በአንድ ልብስ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ለዚህ የሚከፈለው ሌላው ዋጋ ትዕግሥት ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት እስኪሆን ድረስ ያለው የሴቶቹ ሥራ በራሱ ከሽመናው ጊዜ ይበልጣል፤ ከዚያ ድሩ ይደራል፣ ማጉ በቀሰም ይጠነጠናል፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ሲሠራ ነጩ ክፍል ቶሎ ይሄዳል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን እያንዳንዱን ቀለም በጣቱ ስለሚያስገባ አንድ ስንዝር ለመሥራት ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ይህን ያየ ሰው ቀሚስ በሦስት ቀን አድርሱልኝ ብሎ አያዝም። እኔ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የምፈልገውን በሐምሌ አዛለሁ። በሐምሌ ሠርግ የለም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሸማኔው ሥራ ይፈልጋል፤ ቀብድ ከፍዬ ስሄድ የክረምቱን ወራት የሚያሻግረው ገንዘብ በእጁ ይገባል። በበዓል ዋዜማ የሚያዝ ልብስ ውድ ከመሆኑም በላይ በሌሊት በመብራት የሚሠራ፣ ተጨማሪ እጅ የሚፈልግ ልብስ ነው፤ ተጨማሪው እጅ ብዙ ጊዜ የማን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ገበያ ላይ እውነተኛውን የፈትል ሥራ ከሌላው መለየት መማር ያስፈልጋል፤ በተለይ አሁን ጥለቱ በማሽን የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ «የሀገር ልብስ» እየተባለ በርካሽ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ። ልብሱን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት በጀርባው በኩልም ክሩ ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው ደብዝዞ ወይም ነጭ ሆኖ ይገኛል። ካልረካችሁ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሷት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ በጣት የሚደቅ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። እኔ የታተመውን ልብስ የሚለብሱትን አልነቅፍም፤ ለብዙ ቤተሰብ በበዓል ቀን ልጆቹን ነጭ ለማልበስ የቀረለት መንገድ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ልብስ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙን ሲያጣ ስለሚጣል፣ ባለ አንድ ጥለት ቀላል የፈትል ቀሚስ ለዐሥር ዓመት ከሚለበስበት ዋጋ እንደማያንስ ማስላት ይቻላል። እንበልና 900 ብር የተገዛ ልብስ ስድስት ጊዜ ተለብሶ ቢበላሽ አንዱ ቀን 150 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ 4,500 ብር የወጣበት ደግሞ ዘጠና ጊዜ ቢለበስ አንዱ ቀን 50 ብር ነው። እናቴ ይህን በወረቀት አስልታ አታውቅም፤ ግን ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው በዚህ ሒሳብ ነበር።

አሁን ስለ ውበቱ ልናገር፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነውና። ልብስን የሚያሳምረው ከዋጋውና ከጥለቱ ስፋት ይልቅ ልኩ ነው። ትከሻው ላይ በትክክል የተቀመጠ ተራ የጥጥ ሸሚዝ፣ ትከሻው ከወደቀ ውድ ቀሚስ ይበልጣል። ስለዚህ ጨርቁን ከሸማኔው፣ ስፌቱን ከሰፈሬ ልብስ ሰፊ ለይቼ አሠራለሁ፤ ሁለቱም በቀጥታ ይከፈላቸዋል፣ እኔም ቀሚሱን ስለካ እዚያው ቆሜ አስተካክላለሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው፤ ጨርቅ ከአንዱ ሱቅ ገዝቶ፣ ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰፊ ሰጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ልብስን መረከብ እዚያ የቆየ ልማድ ነው። ልኬን የሚያውቅ ሰፊ ካገኘሁ ወዲህ የተዘጋጀ ልብስ መግዛት ትቻለሁ ማለት ይቻላል።

በዘወትር የሥራ ቀን ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ልብስ መልበስ ለብዙዎቻችን አይመችም፤ መልበስም አያስፈልግም። ወርዱ አንድ ጣት የማይሞላ ጥለት በእጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ የተደረገበት ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ከጥቁር ሱሪ ጋር ቢሮ እለብሳለሁ። ከኩታ የተሰፋ አጭር ካፖርት አለኝ፤ የአዲስ አበባን ጠዋት ብርድ እንደ እርሱ የሚመክት የለም። ነጠላዬን በጂንስ ላይ እንደ ሻርፕ እጠመጥማለሁ፤ ያው ነጠላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለቅሶ ቤት ስገባ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። አንድ ጨርቅ ይህን ሁሉ ቦታ የሚገባበት ሌላ አለባበስ አላውቅም፤ ቁም ሣጥናችን ጠባብ ለሆነብን ሰዎች ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ደግሞ ነጩ ጨርቅ ሲያረጅ ጥለቱ አብሮት አያረጅም። የእናቴ የ1980ዎቹ ቀሚስ ከብብቱ ሥር ተበልቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ጥለቱን በጥንቃቄ ፈትቶ በአዲስ ጨርቅ ላይ ተክሎልኝ ዛሬ ጉርድ ሆኖ እለብሰዋለሁ።

ስለ ሰልባጅ የሚጠይቁኝ አሉ። ያገለገለ ልብስ መልበስ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ የተሠራውን ልብስ ዕድሜ ያራዝማል። ሆኖም በቦንዳ ታስሮ ከውጭ ለንግድ የሚገባው ያገለገለ ልብስ በአገራችን የተከለከለ በመሆኑ በኮንትሮባንድ የሚያልፍ ነው፤ የአገር ውስጥ ሰፊና ሸማኔም በዚያ ዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው በዘመድና በጓደኛ መካከል መወራረስን ነው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ የማንለብሰውን አውጥተን እንለዋወጣለን፤ ካሉኝ ካፖርቶች ሁሉ የምወደው ከዚያ የመጣ ነው።

ከሸማኔ ቤት ርቆ የሚኖር ሰው፣ በተለይ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን፣ ሠራተኛውን በግልጽ የሚከፍሉ ድርጅቶችን ሊፈልግ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሳባሃር የጉሎ ቅጠል ከሚበላ የሐር ትል የሚገኘውን ሐርና ጥጥን በእጅ አስፈትሎ ያሠራል። በዚያው ዓመት ቤተልሔም ጥላሁን የመሠረተችው ሶል ሬብልስ የአገራችንን በረባሶ አርአያ አድርጎ ከአሮጌ ጎማ ሶል ጫማ ሠርቶ ለዓለም ገበያ አቅርቧል። የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ለአንድ የአዲስ አበባ መምህር የሚከብድ መሆኑን ግን አልደብቅም። እኔ ከእነርሱ ያየሁት ትልቁ ነገር የሠራተኛው እጅ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል መሆኑን ነው፤ ልብሱን የምገዛው ግን ከእነዚያ ባልና ሚስት ነው።

የተገዛውን ማቆየት የግዢውን ያህል ሥራ አለው። የፈትል ልብስ በፈላ ውኃና በበረኪና ሲታጠብ ክሩ ይበጣጠሳል፣ የጥለቱም ቀለም ይፈሳል። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ጥለቱ ከነጩ ጋር እንዳይነካካ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይታጠብ፤ አይጠምዘዝ፤ በጥላ ይሰጣ። አያቴ እንዶድ ትጠቀም ነበር፤ የነጠላዋ ንጣት እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። እንዶድን ሳነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ ይለኛል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የተክሉን ኃይል ለሳይንስ ያስተዋወቀው። ልብስ አጣቢዎቹ ለዘመናት ሲሠሩበት የነበረው ዕውቀት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ለጥምቀት በዓል የሚሆን ቀሚስ ላዝ ከልጅቷ ጋር ወደ ሸማኔው ቤት ሄድኩ። ሰማያዊ ጥለት መረጠች፤ ጠባብ፣ ሦስት ክር ብቻ። ሚስቱ ከደጃፉ ተቀምጣ ትፈትል ነበር፤ ልጅቷ አጠገቧ ተንበርክካ እንዝርቱ ሲሽከረከር በመገረም ተመለከተች፣ ለመንካትም እጇን ዘረጋች፤ ሴትየዋም «ነይ የኔ እናት» ብላ ጣቷን ይዛ ክሩን አስያዘቻት። ጋሼ ዋጋውን ነገረኝ፤ አላስቀነስኩም። ቀብዱን ስሰጠው መቼ እንደምፈልገው ጠየቀኝ። እስከ ጥር ድረስ ጊዜ እንዳለው፣ ሌሊት እንዳይሠራበት ነገርኩት።